የቼዝ ኮምፒውተር አድማስ

ከጅማ ወደ አጋሮ የሚጓዝ ሰው ዐይኑ የሚደርሰው ከፊቱ እስካለው ኮረብታ ድረስ ነው፤ ከኮረብታው ጀርባ ያለውን ለማወቅ መጓዝ ይኖርበታል። ቼዝ የሚጫወት ኮምፒውተርም የሚገጥመው ችግር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

እንደሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ዲፕ ብሉ የተሰኘው የአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒውተር የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ጋሪ ካስፓሮቭን 3.5 ለ2.5 አሸንፏል። ይህ መሣሪያ በሴኮንድ 200 ሚሊዮን ያህል አሰላለፎችን ይመረምር ነበር። ታዲያ ሁሉንም አስቀድሞ ማየት አይችልምን? በቀላል ስሌት እንመልከተው። በእያንዳንዱ አሰላለፍ 30 የተፈቀዱ እርምጃዎች አሉ እንበል። ሁለቱ ተጫዋቾች ሦስት ሦስት ጊዜ ቢጫወቱ መንገዶቹ 729 ሚሊዮን ይሆናሉ፤ ይህም የ4 ሴኮንድ ያህል ሥራ ነው። አራት አራት ጊዜ ሲሆን 55 ደቂቃ፣ አምስት አምስት ጊዜ ሲሆን ደግሞ 34 ቀናት ይፈጃል።

በእርግጥ ፕሮግራሞች፣ የቡና ገበሬ ያረጀውን ግንድ እንደሚጎነድል፣ ፍሬ የሌለውን ቅርንጫፍ ይቆርጣሉ። የሆነ ሆኖ ስሌቱ አንድ ቦታ ላይ መቆም አለበት። ንግሥቲቱ በወታደር የሚጠበቅ ፈረስ በበላችበት ቅጽበት ቢቆም፣ ፕሮግራሙ «ፈረስ አተረፍኩ» ብሎ ይደመድማል፤ በሚቀጥለው እርምጃ ወታደሩ ንግሥቲቱን እንደሚበላት አያይም። ይህን ስሕተት ሃንስ በርሊነር የተባሉ ተመራማሪ «የአድማስ ውጤት» ብለውታል።

መፍትሔው መበላላቱ እስኪረጋ ድረስ ስሌቱን መቀጠል ነው። ይሁን እንጂ አንድ ተጫዋች ንግሥቱን መሥዋዕት አድርጎ፣ ከብዙ እርምጃዎች በኋላ ማንንም በማይበላ አንድ እርምጃ የሚያሸንፍበት አሰላለፍ አለ። እንዲህ ያለው ቅርንጫፍ በመጀመሪያ ኪሳራ ስለሚመስል በጥልቀት ሳይመረመር ሊቀር ይችላል። ስቶክፊሽ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አሰላለፍን በሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ ይመዝናል፤ ሰውም አይረታውም። ቢሆንም አድማሱ ራቀ እንጂ አልጠፋም።

ጥንታዊው የአገራችን ሰንጠረዥ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ስሌት ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት እንደገለጹት፣ «ወረራ» በሚባለው የመክፈቻ ክፍል ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው መበላላት እስኪሆን ድረስ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። ተራ ከሌለ፣ በተራ ላይ የተመሠረተው ቆጠራ ከየት ይጀመራል?

ተማሪዎቻችን ከዚህ አንድ ልማድ እንዲወስዱ እንመክራለን። ኮምፒውተር በቼዝም ሆነ በፊዚክስ ውጤት ሲሰጣችሁ፣ ከመቀበላችሁ በፊት ስሌቱ የት ላይ እንደቆመ ጠይቁ።