«አባባ፣ አሁን ማን ይሰማናል?»

ባለፈው ዓመት የልጅ ልጆቼን ይዤ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ስንጓዝ የጀልባችን ሞተር ጣና ሐይቅ ላይ ቀጥ አለ። የጀልባ ነጂው ስልክ ውሃ ገብቶበታል። የእኔም ጠዋት ሙሉ ልጆቹን ፎቶ ሳነሳበት ባትሪው አልቋል። ትንሿ ልጅ ያን ጊዜ ነው ከላይ ያለውን ጥያቄ የጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ደግነቱ ሌላ ጀልባ አይቶን ጎትቶ አወጣን።

ጣና ጠዋት መስታወት መስሎ ይውላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ግን ሞገዱ ሌላ ነው። ስለዚህ ልጅ ይዞ ጀልባ ላይ የሚወጣ ሰው ከስንቁ ጋር የሚጣራበትን ነገር ማሰብ አለበት።

ቀዳሚው ስልክ ነው። ሁለት ስልክ ይያዝ፤ አንዱ ቻርጁ ሞልቶ፣ ውሃ በማያስገባ ከረጢት አንገት ላይ ይንጠልጠል። ፎቶ አይነሳበት። የጀልባ ማኅበሩን ወይም የወደቡን ቁጥር ቀድማችሁ መዝግቡ። ኔትወርክ ደክሞ ጥሪ እምቢ ሲል አጭር መልእክት ሊያልፍ ይችላልና ሞክሩት።

ሁለተኛው ፊሽካ ነው። የልጅ ድምፅ በጩኸት ቶሎ ይዘጋል፤ ፊሽካ ግን ትንሽ ትንፋሽ ይበቃዋል። በእያንዳንዱ ላይፍ ጃኬት ላይ ይታሰር። ለምሽት የእጅ ባትሪ ጨምሩ፦ ሦስት አጭር፣ ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር ብልጭታ በዓለም ሁሉ የድረሱልን ምልክት ነው።

የመገናኛ ሬዲዮስ? ባሕር ላይ መርከቦች ለአደጋ ጥሪ ቻናል 16ን ያዳምጣሉ። ሐይቅ ላይ ግን ወደብ ሆኖ የሚያዳምጥ ሰው ከሌለ ውድ ሬዲዮም ዝም ያለ ዕቃ ነው። ጀልባ ያላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ማን እንደሚያዳምጥና ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ጠይቁ።

ከሁሉም የሚረክሰው ግን ገንዘብ አይጠይቅም። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ። «እስከ 9 ሰዓት ካልደወልን ፈልጉን» በሉት። ስትመለሱም መደወል አትርሱ።

ዘንድሮ ዳግመኛ ስንሄድ ፊሽካው በትንሿ ልጅ አንገት ላይ ነበር። ጀልባው ሳይነሳ ደጋግማ ነፍታ ጆሯችንን አደነቆረችው። ማንም አልተቆጣትም።