የመሪዎች ውሳኔና የዜጎች ዕዳ

መንግሥታት ጦርነት ሲያውጁ ዜጎች ስለ መሪዎቻቸው ውሳኔ እስከ ምን ድረስ ይጠየቃሉ? ጀርመናዊው ፈላስፋ ካርል ያስፐርስ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ስለ ገዛ ሕዝቡ ጠይቋል። በእርሱ ትንታኔ መሠረት ዜጎች መንግሥታቸው ላደረሰው ጉዳት የካሣውን ሸክም አብረው ይሸከማሉ፤ በወንጀል የሚጠየቀው ግን ፈጻሚው ግለሰብ እንጂ ሕዝብ በጅምላ አይደለም።

የጦርነት ሕግም የጅምላ ተጠያቂነትን አይቀበልም። እ.ኤ.አ. የ1949 አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 33 የጅምላ ቅጣትን ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ1977 የጸደቀው የመጀመሪያው ተጨማሪ ፕሮቶኮል ደግሞ ሲቪሎች ከጥቃት የሚጠብቃቸውን ከለላ የሚያጡት በውጊያ በቀጥታ በተሳተፉበት ጊዜ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። መሪን መምረጥ፣ ግብር መክፈል ወይም በፍርሃት ዝም ማለት ውጊያ አይደለም። ስለሆነም ዜጋ ስለ መንግሥቱ ሥራ ኅሊናውን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ይህ ኃላፊነቱ ግን ለገዳዩ ፈቃድ ሊሆን አይችልም።