ኮራልና ነዳጅ፦ ከሰሜን ባሕር መድረኮች እስከ ደቡብ ወሎ ገደሎች

የቦረናን፣ የወግዲን፣ የከላላንና የጃማን ደጋ በተሸከመው የዓባይ ተፋሰስ የድንጋይ ንብርብር ውስጥ፣ ከአንድ ባሕር የተገኙ ነገር ግን በባሕሩ ውስጥ ጎን ለጎን ሊኖሩ ያልቻሉ ሁለት ነገሮች ተቀብረው ይገኛሉ፤ እነርሱም የኮራል ቅሪተ አካልና ለነዳጅ መፈጠር ምክንያት የሚሆነው ጥቁር የጭቃ ድንጋይ ናቸው። ዛሬ በሰሜን ባሕርና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሕያው ኮራል በነዳጅ ማውጫ መድረኮች የብረት እግር ላይ ሲበቅል መታየቱ ብዙ ተመራማሪዎችን ያስገረመ ክስተት ሲሆን፣ ምክንያቱን በሚገባ ለመረዳት ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው በመካነ ሰላም ከተማ ዙሪያ ያሉት ገደሎች ጥሩ ማስረጃ ይሰጣሉ።

ኮራል በመልኩ ተክል ወይም ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። ፖሊፕ ተብሎ የሚጠራው ይህ ለስላሳ ፍጡር በአፉ ዙሪያ በተደረደሩ ክሮች ከውሃው ጋር የሚያልፉ ጥቃቅን ሕያዋንን እየያዘ ይመገባል፤ ከሥሩ ደግሞ ከባሕር ውሃ ከሚወስደው ካልሲየምና ካርቦኔት የድንጋይ ጽዋ ይሠራል፤ ፖሊፑ ራሱን እየከፈለ ሲበዛ ጽዋ በጽዋ ላይ እየተደረበ የኮራል ቁጥቋጦ፣ ከዘመናት በኋላም የኮራል አለት ይሆናል። በሞቃትና ጥልቀት በሌለው ባሕር የሚኖሩት አብዛኞቹ የአለት ሠሪ ዝርያዎች በሰውነታቸው ውስጥ ከሚያኖሩት አልጌ ምግብ ስለሚያገኙ የፀሐይ ብርሃን ያስፈልጋቸዋል፤ ሎፌሊያ ፐርቱዛ እንደሚባለው ያሉት የቀዝቃዛ ባሕር ዝርያዎች ግን ያለ ብርሃን፣ ሞገዱ በሚያመጣላቸው ምግብ ብቻ ይኖራሉ። ሁለቱንም ወገኖች የሚያስተሳስራቸው አንድ ግዴታ አለ፤ ከእንቁላል የወጣው እጭ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ከተንሳፈፈ በኋላ ጠንካራና ደለል ያልተጫነው ወለል፣ እንዲሁም አየር ያለው ተንቀሳቃሽ ውሃ ካላገኘ ሥር መስደድ አይችልም።

የሰሜን ባሕር ወለል በአብዛኛው አሸዋና ጭቃ ስለሆነ ከአትላንቲክ የሚመጣው እጭ ለብዙ ዘመን ማረፊያ አጥቶ ሲያልፍ ኖሯል። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን የነዳጅ ኩባንያዎች ከወለሉ እስከ ውሃው ገጽ የሚደርሱ የብረት ምሰሶዎችን መትከል ሲጀምሩ፣ ሳያስቡት ለኮራሉ ከጭቃው በላይ ከፍ ያለና ሞገድ የማይለየው ማረፊያ አዘጋጁለት። ነገሩ በይፋ የታወቀው ብሬንት ስፓር በተባለው፣ ድፍድፍ ነዳጅ ለማጠራቀም ያገለግል በነበረው ግዙፍ ተንሳፋፊ ጋን ነው። ሼል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ጋኑን በአትላንቲክ ጥልቅ ውሃ ሊያሰጥመው ሲነሣ ግሪንፒስ የተባለው ድርጅት ብርቱ ተቃውሞ ስላስነሣ፣ ጋኑ ወደ ኖርዌይ ተጎትቶ ተወሰደ፤ በአካሉ ላይም ሎፌሊያ በቅሎ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ኔቸር በተባለው መጽሔት ተዘገበ። ከዚያ በኋላ የውሃ ውስጥ ካሜራዎች የቀረጿቸውን ምስሎች የመረመሩ ሳይንቲስቶች ካዩአቸው 14 መድረኮች በ13ቱ ላይ ኮራሉን ማግኘታቸውን፣ በዝርዝር በመረመሯቸው ሁለት መድረኮች ላይ ብቻ ከ900 በላይ የኮራል ስብስቦችን መቁጠራቸውንና ኮራሉ በዓመት በአማካይ ወደ 26 ሚሊ ሜትር እንደሚያድግ መገመታቸውን እ.ኤ.አ. በ2006 አሳተሙ። ስብስቦቹ የተገኙት ከ50 ሜትር በታች ሲሆን፣ ወደ መቆፈሪያው ዝቃጭ መፍሰሻ የቀረቡት አንዳንዶቹ ደግሞ በላያቸው በወረደው ጭቃ ታፍነው በከፊል ሞተው ታይተዋል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከቁጥሮቹ ሁሉ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል፤ ኮራሉን ያኖረው ብረቱ እንጂ ነዳጁ አለመሆኑን በግልጽ ያሳያልና።

በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ሁኔታው ጥንታዊ መሠረት አለው። ፍላወር ጋርደን ባንክስ የተባሉት የተፈጥሮ ኮራል አለቶች የቆሙት ከምድር ሥር እየተገፋ በወጣ የጨው ጉልላት ላይ ሲሆን፣ ይኸው ጨው በአካባቢው ነዳጁንም በወጥመድ ይዞ አስቀርቷል፤ ስለዚህ የነዳጅ መድረኮች የተተከሉት በኮራሉ ጎረቤትነት ነው፤ እጩም ወደ ብረቱ መሻገሩ አልቀረም። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ግዛቶች ዘመናቸውን የጨረሱ ከ500 በላይ መድረኮችን በባሕሩ ውስጥ ትተው ሰው ሠራሽ የኮራልና የዓሣ መኖሪያ እንዲሆኑ አድርገዋል። በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ያሉ አገሮች በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1998 በደረሱበት ስምምነት መሠረት፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መድረኩ ከባሕር ተነሥቶ እንዲወጣ ያስገድዳሉ። ሁለቱም አቋሞች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ይሁንና መድረኩ ለአገሬው ኮራል እንደ ድልድይ ሆኖ እንደሚያገለግል ሁሉ፣ ከሕንድና ከሰላማዊ ውቅያኖስ የመጣው ብርቱካናማው ኮራል ቱባስትሪያ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤና በብራዚል ጠረፍ ለተስፋፋበት ወረራም መሸጋገሪያ ሆኗል፤ በዚህ ምክንያት ብረቱን ትቶ መሄድን እንደ በጎ አድራጎት መቁጠር ችኮላ ነው።

ወደ ወሎ ሲመለሱ ይኸው የወለልና የውሃ ጉዳይ በድንጋይ ተጽፎ ይገኛል። ከ160 እስከ 150 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት፣ ጎንድዋና የተባለው ታላቅ አህጉር መከፋፈል በጀመረበት ዘመን፣ ከደቡብ ምሥራቅ የገፋ ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ባሕር የዛሬውን የኢትዮጵያ ደጋ አብዛኛውን ክፍል ሸፍኖ ነበር። ባሕሩ ትቶት የሄደው የኖራ ድንጋይ አንታሎ ተብሎ ይጠራል፤ ስሙን ያወጣው በ1860 ዓ.ም ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የሥነ ምድር ሊቅ ዊልያም ብላንፎርድ ሲሆን፣ ከኖራው በላይ ከተጫነው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አንዱን ክፍልም በመቅደላ ስም ሰይሞታል። በዓባይ፣ በጀማና በወንጭት ሸለቆዎች የሚታየው ይህ የኖራ ድንጋይ የዛጎል፣ የኮራልና ስትሮማቶፖሮይድ የሚባሉ የስፖንጅ ዘመዶች ቅሪተ አካል ይዟል። ኮራሎቹ በሁሉም ንብርብር አይገኙም። የሚታዩት ውሃው ጠርቶ ሞገድ በነበረበትና የዛጎል ስብርባሪ ተጠጋግቶ ወለሉን ባጠነከረበት ስፍራ ሲሆን፣ ጭቃ በበዛበት ንብርብር ግን ይጠፋሉ፤ ያን ጊዜ ዛጎሉ የሰጠውን አገልግሎት ዛሬ ለሎፌሊያ የሚሰጠው የብረት ምሰሶው ነው።

የባሕሩ ውሃ ረግቶ ወደ ወለሉ አየር መድረስ ባቆመበት ስፍራ የሞቱት ጥቃቅን ሕያዋን ሳይበሰብሱ ከጭቃው ጋር ተቀበሩ። ከዚያው ከአንታሎ ንብርብር የተወሰደው ጥቁር የጭቃ ድንጋይ እስከ 7 በመቶ የሚደርስ ሥነ ሕይወታዊ ካርቦን መያዙን እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ ይህም ለነዳጅ ምንጭነት ከበቂ በላይ ነው። ነዳጅ ለመሆን ግን ካርቦኑ ተቀብሮ መሞቅ አለበት። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ንብርብሩ በቂ ክብደት ስላልተጫነው ነዳጁ አልበሰለም። በወረኢሉ አካባቢ ግን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ባዛልትና ከሥሩ ያለው የአሸዋ ድንጋይ አንዳንድ ቦታ ከ1500 ሜትር በላይ ተደርቦ ስለተጫነው፣ በተመራማሪዎቹ ስሌት መሠረት ካለፉት 10 ሚሊዮን ዓመታት ጀምሮ እስከ ዛሬ ነዳጅ ሲፈጠር ቆይቷል፤ በወረኢሉ ከምድር ሰርጎ የሚወጣው ዘይትም ለዚህ ምስክር ነው። የአንድ ባሕር ጥሩ ውሃ ኮራልን፣ የረጋ ውሃው ነዳጅን ሰጠ ማለት ነው፤ ለየብቻ የተፈጠሩትን እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድ ስፍራ ያገናኘው በባሕር ውስጥ ብረት የተከለው የሰው ልጅ ነው።

ከወረኢሉ የሚሰርገው ዘይት የኩባንያዎችንና የመንግሥትን ዓይን ሲስብ፣ በጀማና በወንጭት ገደሎች ያለው ኮራል ግን እስከ አሁን ተገቢውን ትኩረት አላገኘም፤ የኖራ ድንጋይ ለግንባታና ለሲሚንቶ ሲፈለፈል ቅሪተ አካሉም አብሮ ይፈጫል። የትኛው ንብርብር ረግቶ፣ የትኛው በሞገድ ታጥቦ እንደነበር የሚናገረው ኮራሉ ስለሆነ፣ ነዳጅ ፈላጊውም ቢሆን ያለ እርሱ የባሕሩን ካርታ መሣል አይችልም። የወሎና የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲዎች ከየሸለቆው ናሙና ሰብስበው፣ የተገኘበትን ስፍራና ንብርብር መዝግበው ቢያስቀምጡ ለትምህርትም ለምርምርም ይጠቅማል፤ በኖራ ድንጋይ ላይ እንደ ኮከብ የተሠነጠቁ፣ እርስ በርስ የተጠጋጉ ትንንሽ ክቦችን የሚያይ የአካባቢው ነዋሪም ድንጋዩን ሳይሰብር ቦታውን ይዞ ለተመራማሪ ቢያሳይ ለአገሩ ታላቅ ውለታ ይውላል።