ካንሰርን በስኳሩ ማደን

ጤናማ የጡት ሴል ከፕሮቲኖቹ ላይ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለት ያንጠለጥላል። ሴሉ ወደ ካንሰር ሲለወጥ የሰንሰለት ሠሪዎቹ ኢንዛይሞች ሥራ ይዛባል፤ ሰንሰለቱም ገና ሁለተኛው ቀለበት ላይ ይቋረጣል። ከእነዚህ ጉማጆች አንዱ ሲያሊል-ቲኤን ይባላል። በጤናማ ሴል ላይ እምብዛም አይታይም፤ በብዙ የጡትና የአንጀት ካንሰር ሴሎች ላይ ግን ሞልቶ ይገኛል።

ምልክቱ ይህን ያህል ጎልቶ እያለ የሰውነት መከላከያ ዝም የሚለው፣ አንደኛ፣ ስኳሩ ከራሱ ከሰውነት የወጣ በመሆኑ እንደ ባዳ ስለማይቆጥረው ነው። በዚያ ላይ መከላከያውን የሚያነሳሱት ቲ ሴሎች በዋናነት የሚለዩት የፕሮቲን ቁራጭ ነው፤ ብቻውን የመጣ ስኳር አያነቃቸውም። ያለ እነሱ እርዳታ የሚመነጨው ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ ደካማና ቶሎ የሚጠፋ ነው።

ለዚህ ችግር መላ የተገኘው ከሕፃናት ክትባት ነው። እኛም አገር በየጤና ጣቢያው በሚሰጠው ፔንታቫለንት በተባለው ክትባት ውስጥ ያለው፣ ሂብ የተባለውን ባክቴሪያ የሚከላከለው ክትባት፣ የባክቴሪያውን ስኳር ከፕሮቲን ጋር አጣብቆ የያዘ ነው። የካንሰር ተመራማሪዎች ስኳሩን ለማጣበቅ በብዛት የመረጡት ፕሮቲን በካሊፎርኒያ ጠረፍ ከሚኖር የባሕር ቀንድ አውጣ ደም ይወጣል። ፕሮቲኑ ግዙፍና ለሰው ፍጹም ባዳ በመሆኑ መከላከያው ይነሳበታል፤ በዚያው የተለጠፈበትን ስኳርም መለየት ይለምዳል።

የካናዳው ባዮሚራ ኩባንያ ቴራቶፕ የተባለውን ክትባት የሠራው እንዲህ ነበር። የጡት ካንሰራቸው የተሠራጨ 1,028 ሴቶች በሙከራው ተሳተፉ፤ ማነጻጸሪያው ቡድን የቀንድ አውጣውን ፕሮቲን ብቻ ወሰደ። የተከተቡት ፀረ እንግዳ አካል በብዛት አመነጩ። በ2003 እ.ኤ.አ. የተሰማው ውጤት ግን አንገት የሚያስደፋ ነበር፤ የተከተቡት በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ (ሚዲያን) 23.1 ወር፣ የሌሎቹ 22.3 ወር ነበር። ደም ውስጥ የሚለካ ቁጥር ከፍ ማለቱ ብቻውን ታካሚን አያኖርም።

ዒላማው ስኳር መሆኑ ስህተት ነበር ለማለት ግን ይከብዳል። ጂዲ2 በተባለ ስኳር አዘል ስብ ላይ ያነጣጠረው ዲኑቱክሲማብ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ተዘጋጅቶ በደም ሥር የሚሰጥ ፀረ እንግዳ አካል፣ ኒውሮብላስቶማ የተባለው የነርቭ ሴሎች ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቷል። እኔ የምጠረጥረው ጊዜውን ነው። ዕጢው በየአካሉ ከተሠራጨና መከላከያው በኬሞቴራፒ ከደከመ በኋላ ክትባት ብዙ አቅም የለውም። የኒውዮርኩ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ሐኪሞች ጂዲ2ን የያዘ ክትባታቸውን የሰጡት ዕጢያቸው በሕክምና ለጠፋላቸው የኒውሮብላስቶማ ታካሚዎች ነው። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበረው ግን የክትባቱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ መለየት አይቻልም።