ከሺህ አቶም ሰባቱ

ዩራኒየም ብርማ መልክ ያለው፣ ከእርሳስ እንኳ የሚከብድ የብረት ዘር ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ማርቲን ክላፕሮት እ.ኤ.አ. በ1789 ከለየው በኋላ ለረጅም ጊዜ በዋናነት የሚፈለገው መስታወትና ሸክላ ለማቅለም ነበር። በ1938 መጨረሻ ግን ኦቶ ሃንና ፍሪትዝ ሽትራስማን በርሊን ውስጥ ዩራኒየምን በኒውትሮን ደበደቡት። የተገኘው ውጤት የአቶሙ እምብርት፣ ማለትም የአስኳሉ፣ ለሁለት መሰንጠቅ መሆኑን ያስረዱት ሊዘ ማይትነርና ኦቶ ፍሪሽ ናቸው። አስኳሉ ሲሰነጠቅ ብዙ ኃይል ይለቃል፤ አብረውት የሚወጡት ሁለት ሦስት ኒውትሮኖች ደግሞ ሌሎች አስኳሎችን እየሰነጠቁ ሂደቱን ያስቀጥሉታል።

በቀላሉ የሚሰነጠቀው ግን ዩራኒየም-235 ነው፤ እሱም ከሺህ አቶም ሰባት ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው ከሞላ ጎደል ዩራኒየም-238 ነው። ሁለቱ በኬሚካዊ ጠባያቸው አንድ ስለሆኑ የሚለዩት በክብደት ነው። ዩራኒየሙ ከፍሎሪን ጋር ተዋህዶ ጋዝ ይሆንና እጅግ በሚፈጥኑ ሲሊንደሮች ውስጥ ይሽከረከራል፤ ከባዱ ወደ ዳር ይገፋል፣ ቀላሉ ወደ መሃል ይሰበሰባል። አንዱ ሲሊንደር የሚያመጣው ለውጥ ኢምንት ስለሆነ ጋዙ በብዙዎቹ ተራ በተራ ያልፋል። ማበልጸግ የሚባለው ይህ ነው። ለአብዛኞቹ የኑክሌር ኃይል ማመንጫዎች የዩራኒየም-235 ድርሻ ከ3 እስከ 5 በመቶ ቢደርስ ይበቃል፤ ለቦምብ ግን 90 በመቶ ገደማ ይፈለጋል። ያው መሣሪያ ለሁለቱም ስለሚያገለግል ቁጥጥሩ የጠበቀ መሆኑ ተገቢ ነው።

የበለጸገው ጋዝ ወደ ዱቄት ተለውጦ፣ ተጨምቆና በእሳት ጠንክሮ የጣት ጫፍ የምታክል ጥቁር ፍሬ ይወጣዋል። አንዷ ፍሬ የአንድ ቶን ድንጋይ ከሰል ያህል ኃይል ትሰጣለች። ፍሬዎቹ በዚርኮኒየም ቱቦ ተደርድረው፣ አስኳሎቹ በሚሰነጠቁበት የኑክሌር ማብላያ ውስጥ ውሃ ይከባቸዋል። ውሃው ሙቀቱን ይወስዳል፤ ኒውትሮኖቹንም ያዘገያል፤ የዘገየ ኒውትሮን በተሻለ ይሰነጥቃልና። ከሙቀቱ የሚገኘው እንፋሎት ተርባይን ያዞራል።

ከዓመታት በኋላ የሚወጣው ነዳጅ ገና አብዛኛው ዩራኒየም ነው፤ ነገር ግን ብርቱ ጨረር የሚያመነጩ ስብርባሪዎችና ፕሉቶኒየም ተቀላቅለውበታል። የት ይቀበር ለሚለው ከባድ ጥያቄ ፍንጭ የሰጠችው አፍሪካ ናት። በ1972 የፈረንሳይ ባለሙያዎች ከጋቦን፣ ከኦክሎ በመጣ ዩራኒየም ውስጥ የ235ቱ ድርሻ ከ0.720 በመቶ ወደ 0.717 ዝቅ ብሎ አገኙት። የጎደለው ቀድሞ ተሰንጥቆ ያለቀ ነበር፤ ከ2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ድርሻው 3 በመቶ ያህል ስለነበር፣ የከርሰ ምድር ውሃ የገባበት ማዕድን በራሱ ጊዜ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር። ሲግል ውሃው ይተንናል፣ ሂደቱ ይቆማል፤ ሲቀዘቅዝ ውሃው ተመልሶ ይቀጥላል። እዚያ የተፈጠረው ፕሉቶኒየምና ብዙው ስብርባሪ ከቦታው እምብዛም አልራቀም፤ ዝቃጩን በጥልቅ ዓለት ውስጥ ለመቅበር የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ኦክሎን የሚመረምሩት ለዚህ ነው።