አንዲት ቀጭን ቱቦ

አባባ ተንሸራተው ጭንቅላታቸውን ተመቱ፤ «ምንም አልሆንኩም» ብለውም ተነሡ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስም መርሳትና እግራቸውን መጎተት ጀመሩ። ይሄኔ በብዙ ቤት የሚባለው «እርጅና ነው» ነው።

ላይሆን ይችላል። በአረጋውያን ላይ ቀላል ምት እንኳ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ደም ቀስ በቀስ እንዲጠራቀም ሊያደርግ ይችላል፤ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣሉ። ሲቲ ስካን ይለየዋል።

ሕክምናው የራስ ቅልን በስቶ ደሙን ማውጣት ነው። አስቸጋሪው ነገር ተመልሶ መጠራቀሙ ነበር። በእንግሊዝ፣ ካምብሪጅ ሐኪሞች 215 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ለአንደኛው ቡድን ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለ48 ሰዓት ቀሪውን ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ ተተወላቸው። በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት ደሙ ተመልሶ የተጠራቀመባቸው ቱቦ ካልተደረገላቸው 107 ሰዎች 26፣ ከተደረገላቸው 108 ደግሞ 10 ብቻ ነበሩ። በስድስት ወር ውስጥ የሞቱትም ከ18.1 ወደ 8.6 በመቶ ወረዱ። ጥቅሙ ገና በመሐል ስለታየ ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ ቆመ። እንግዲህ ይህ ሁሉ በአንዲት ተራ የላስቲክ ቱቦ ነው!

ለወላጅዎ ይህ ቀዶ ጥገና ከታዘዘ «ቱቦ ይተውላቸዋል?» ብለው ሐኪሙን ይጠይቁ። የወደቁበትን ቀንና የሚወስዱትን መድኃኒትም ሳይጠየቁ ይንገሩ።