ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ?

የ1 ብር ሳንቲም ላይ ያለው አንበሳ የሚያየው ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ? ኪስዎ ሳይገቡ ይመልሱ። ለታክሲ ረዳት ስንት ጊዜ ቆጥረው የሰጡት ሳንቲም ነው፤ ሲጠየቁ ግን ብዙዎች ይንተባተባሉ። አሜሪካውያንም አልተሻሉም። ተመራማሪዎቹ ኒከርሰንና አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት፣ የገዛ አገራቸውን ሳንቲም ትክክለኛ መልክ ከ15 ሥዕሎች መካከል እንዲመርጡ ከተጠየቁት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተሳስተዋል።

ይህ መርሳት አይደለም። ሳንቲሙን ከሌላው ለመለየት መጠኑና ቀለሙ ስለሚበቃ የአንበሳው ፊት ከመጀመሪያውም አልተመዘገበም። ቁልፍም እንዲሁ ነው። ስልክ እያወሩ፣ ዘንቢል አንጠልጥለው ሲገቡ እጅዎ ቁልፉን ማቀዝቀዣው ላይ ጣል ያደርገዋል፤ ቀልብዎ ግን ስልኩ ላይ ነበር። በኋላ ቤቱን ቢያምሱት አእምሮዎ አስታውሶ የሚያወጣው ነገር የለውም።

የምድጃው ነገር ይለያል። በር ቆልፈው ታክሲ ከያዙ በኋላ «አጥፍቼዋለሁ?» የሚለው ጥያቄ ሆድ ይበላል። እዚህ ላይ ችግሩ የትዝታ ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው፤ የዛሬው ማጥፋት ከትናንቱና ከትናንት ወዲያው ጋር ቁርጥ አንድ ስለሆነ የትኛው የዛሬ እንደሆነ መለየት ያቅታል። እየተመለሱ ማየት መፍትሔ ይመስላል፤ ልማድ ሲሆን ግን ነገሩን ያባብሰዋል። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎቹ ቫን ደን ሃውትና ኪንት እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ሙከራ፣ ሰዎች በኮምፒውተር የተሠራ የጋዝ ምድጃ ደጋግመው እንዲፈትሹ አደረጉ። የደጋገሙት ሰዎች ትዝታ ባይሳሳትም ደበዘዘ፤ በትዝታቸውም መተማመን አቃታቸው። እኔ የሚሻለው ድምፅ ማውጣት ይመስለኛል፦ «ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ሽሮው ገንፍሎ ነበር፣ አጠፋሁት።» ጎረቤት ቢሰማ የሚለውን ይበል።

ከሁሉም የሚያስገርመው ሳናውቀው የሚጠፋው ነው። ትዝታ ሲቀሰቀስ ለተወሰነ ጊዜ ሊላላና እንደገና መጽናት ሊያስፈልገው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ተመራማሪው ካሪም ናደርና ባልደረቦቹ ኒው ዮርክ ውስጥ አይጦችን ድምፅ እያሰሙ በኤሌክትሪክ ነዘሯቸው። ቆይተው ድምፁን ብቻ አሰምተው ፍርሃቱን ቀሰቀሱና፣ ትዝታ ለመጽናት የሚያስፈልገው ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚያግድ መድኃኒት አንጎላቸው ውስጥ ጨመሩ። ከዚያ በኋላ አይጦቹ ለድምፁ የነበራቸው ፍርሃት እጅጉን ቀነሰ። ትዝታው ሳይቀሰቀስ መድኃኒቱን ያገኙት ግን እንደፈሩ ቀሩ።

እኛ መድኃኒትም አያስፈልገንም። ቁም ጸሐፊ ከቅጂ ላይ ሲገለብጥ ስሕተት ሾልኮ እንደሚገባ ሁሉ፣ አንድን ነገር ባወራነው ቁጥር ከሌላ የሰማነው ይደባለቅበታል፤ የፊተኛው ብራና ደግሞ ተለይቶ አይቀመጥም። ክፍተት ስለማይታይ ጠፋ ብሎ የሚጠረጥር የለም። በድንበር ክርክር ሁለት ሽማግሌዎች ተቃራኒ ነገር ምለው ሲመሰክሩ፣ አንዳቸው የግድ ዋሽተዋል ማለት የሚከብደኝ ለዚህ ነው።

ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1986 በፈነዳች ማግስት፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኡልሪክ ናይሰር አትላንታ በሚገኘው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ወሬውን የትና ከማን እንደሰሙ አጻፋቸው። ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ቆይቶ ከእነሱ 44ቱ እንደገና ሲጠየቁ፣ የ11ዱ መልስ መጀመሪያ ከጻፉት ጋር በምንም አልገጠመም። ከተሳሳቱት ብዙዎቹ ግን እርግጠኞች ነበሩ። የገዛ እጅ ጽሑፋቸው ሲቀርብላቸው ተደነቁ እንጂ የፊተኛው ትዝታ አልተመለሰላቸውም።